ስሙ ተጽፎ ዛፉ የጠፋበት መድኃኒት

ፈረንሳዊው አሳሽ ሳሙኤል ደ ሻምፕላን ስለ ሰሜን አሜሪካ ጉዞዎቹ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አንባቢ በቀላሉ የሚያልፈው አንድ አጭር ቦታ አለ። አኔዳ ስለሚባል የአገሩ ተወላጅ እያወራ ቆም ይልና፣ በስሙ ምክንያት ይህ ሰው ከእሱ በፊት ወደዚያ የሄደው ፈረንሳዊ ዣክ ካርቲዬ የጻፈላትን አኔዳ የተባለች መድኃኒት ካገኙት ሰዎች ወገን ነው ብዬ ነበር ይላል። ወዲያው ግን የአገሩ ሰዎች ተክሏን እንደማያውቋት፣ ሰውዬው ስሟን ይዞ ሳለ ምን እንደሆነች የሚያውቅ እንደሌለ ይነግረናል። ከዚያ ወደ ሌላ ጉዳይ ያልፋል። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ፤ ነገሩ እስካሁን ይከነክነኛል።

የሚከነክነኝም በምክንያት ነው። ሻምፕላን በአንድ የበረዶ ወራት 35 ባልንጀሮቹን ቀብሯል። የገደላቸው ስከርቪ የሚባለው በሽታ ነው፤ ካርቲዬ በአኔዳ ሰዎቼን አዳንኩበት ያለው ያው በሽታ። የመድኃኒቱ ስም ይታወቃል፣ አዘገጃጀቱ ታትሟል፣ መድኃኒት ሊሆን የሚችል ዛፍም በጫካው ሞልቷል። ታዲያ ምን ጎደለ? ስለ ሻምፕላን ሲነሳ ሁልጊዜ የሚወራው ኬቤክን መመሥረቱ፣ ካርታዎቹና ኢሮኮዎች ከሚባሉት የአገሩ ተወላጆች ጋር ያደረገው ጦርነት ነው። ሰውየውን ለማወቅ የሚፈልግ ግን ከዚህ ጥያቄ ቢጀምር ይሻለዋል እላለሁ። (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሳንት ክሯ ደሴት፣ 1604

በፒየር ዱጓ ደ ሞንስ የሚመራው ቡድን በ1604 ሰኔ ማብቂያ ላይ የደረሰው ዛሬ የአሜሪካዋን ሜይን ከካናዳዋ ኒው ብረንስዊክ በሚለየው ወንዝ ላይ ነው። ሻምፕላን ያኔ አዛዥ አልነበረም፤ ሥራው ዳርቻውን መቃኘትና ካርታ መንደፍ ነበር። ለመኖሪያ የተመረጠችው በወንዙ መሀል ያለች፣ 3 ሄክታር እንኳ የማትሞላ ደሴት ናት። ምርጫው የወታደር ምርጫ ነው፦ ዙሪያዋ ውኃ፣ ዳርቻዋ ድንጋያማ፣ መርከብ ሲመጣ ከሩቅ የሚታይባት፣ መድፍ ለመትከል የምትመች። ጠላት ቢመጣ ደሴቷ ጥሩ ምሽግ ትሆን ነበር። የመጣው ግን ብርድ ነው።

ስሌታቸው የተሳሳተው በኬክሮስ ነው። ቦታው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 45ኛው ዲግሪ ላይ ነው፤ ይህም ወይን የሚበቅልበት የደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ኬክሮስ ነው። የአውሮፓን ምዕራባዊ ዳርቻ የሚያሞቀው የውቅያኖስ ውኃና ነፋስ በዚያ በኩል እንደሌለ አያውቁም ነበር። በረዶው ጥቅምት 6 ቀን ጀመረ፤ እስከ ሚያዝያ መጨረሻም ከ3 እስከ 4 ጫማ ቁመት ተከምሮ ቆየ። በታኅሣሥ ወንዙ ላይ የበረዶ ግግር መንሳፈፍ ያዘ። ወንዙ የባሕር ማዕበል እየገባ የሚወጣበት ስለሆነ ግግሩ እየተሰበረ ሽቅብና ቁልቁል ይነዳል። ስለዚህ በጀልባ መሻገር ያስፈራል፣ በእግር መሻገርም አይቻልም። ደሴቷ ላይ የረባ ምንጭ የለም። እንጨቱንም ለቤትና ለአጥር ቆርጠው ጨርሰውታል። ቤቶቹ ምድር ቤት ስላልነበራቸው በስንጥቁ የሚገባው አየር ከውጪው ይብስ እንደነበር ሻምፕላን ጽፏል። ከስፔን ወይን በቀር መጠጡ ሁሉ ረጋ፤ ሲደር የሚባለው የፖም መጠጥ በሚዛን እየተመዘነ ይታደል ነበር። ብዙዎቹ የሚጠጡት የቀለጠ በረዶ ነው። እህል የሚፈጨው በእጅ ወፍጮ ስለነበር የደከመ ሰው ዱቄት እንኳ ለማግኘት ጉልበቱን ይጨርስ ነበር።

ምግባቸው በጨው የተያዘ ሥጋና ደረቅ ጥራጥሬ ነበር። በዚህ ሁሉ ውስጥ ቫይታሚን ሲ የለም ቢባል ይቀላል። የሰው አካል ይህን ንጥረ ነገር ራሱ መሥራት አይችልም፤ በደንብ የበላ ሰው የሚያከማቸውም እስከ 1,500 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ምንም ካልተጨመረበት ክምችቱ ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ይመናመንና ስከርቪ ይጀምራል። በሽታውን ለመከላከል በቀን 10 ሚሊግራም ይበቃል። በበጋ ከጫካ የሚለቀም ፍሬ ነበር፤ በረዶው ሁሉን ሲሸፍን መቁጠሪያው ከጥቅምት ጀመረ ማለት ነው። ሞቱ በረዶው በጠነከረባቸው ወራት መብዛቱ ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ሻምፕላን የበሽታውን ምልክቶች የጻፈው እንደ ሐኪም ነው። ድዱ ያብጥና የሚበሰብስ ሥጋ ያበቅላል፣ ቀዶ ሐኪሙም እየቆረጠ ያወጣዋል። ጥርስ ከመላላቱ የተነሳ በጣት ሲስቡት ያለ ሕመም ይወጣል። እግርና ክንድ ያብጣል፣ ይጠጥራል፣ ቁንጫ የነከሰው የመሰለ ነጠብጣብ ይወጣበታል። ከዚያ መራመድ ይቀራል። ዛሬ ምክንያቱን እናውቃለን፦ ቫይታሚን ሲ ከሌለ አካል ኮላጅን የሚባለውን ማያያዣ ፕሮቲን አጠንክሮ መሥራት አይችልም። ጥርስን ከአጥንት የሚያስረው ጅማት ይላላል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይፈሳሉ፣ በአጥንት ሽፋን ሥር ደም ይቋጥራል፣ የዳነ ቁስል እንኳ ተመልሶ ሊከፈት ይችላል። ያኔ ግን ይህን የሚያውቅ ስላልነበረ ምክንያቱን ፍለጋ የሞቱትን አስከሬን ከፈቱ። በ1969 መቃብሮቹ በቁፋሮ ተጠኑ፤ በኋላም አጥንቶቹ እንደገና ሲመረመሩ አንደኛው የራስ ቅል አናቱ በመጋዝ ተቆርጦ፣ መልሶም ተገጥሞ መቀበሩ ታወቀ። ማስታወሻው የነገረንን አጥንቱ አረጋገጠ።

ከ79ኙ 35ቱ ሞቱ፣ ከ20 በላይ የሚሆኑት ደግሞ ከሞት አፋፍ ላይ ነበሩ። በመጋቢት የአገሩ ሰዎች መጥተው ያደኑትን ሥጋ በዳቦና በሌላ ዕቃ ለወጧቸው። አዲስ ጉልበትና ስንቅ የያዘ መርከብ የደረሰው ሰኔ 15 ቀን 1605 ነው።

አሁን ልብ በሉ፦ ሻምፕላን መጀመሪያ ደሴቷን ሲገልጽ በፈር፣ በበርች፣ በሜፕልና በኦክ ዛፎች የተሸፈነች ናት ብሎ ነበር። ፈር መርፌ መሰል ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ ዛፍ ነው፤ እርጥብ ቅጠሉም ቫይታሚን ሲ አለው። ቆርጠው ቤትና ማገዶ አደረጉት። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? እነሱ ግን ወርቅ መሆኑን የሚነግራቸው አላገኙም፤ ስለዚህ መፍረድ ይከብደኛል።

ዶማጋያ ያሳየው

ከዚያ 70 ዓመት ገደማ በፊት፣ በ1535 እና በ1536 መካከል፣ ካርቲዬ መርከቦቹን ዛሬ ኬቤክ ከተማ ባለችበት አካባቢ፣ ስታዳኮና በምትባል መንደር አጠገብ አቁሞ ነበር። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ በረዶ ያዛቸው። ከ110 ሰዎቹ በየካቲት ደህና የነበሩት 10 አይሞሉም፤ በመጨረሻ 25 ሞቱ። እሱም 22 ዓመት የሆነውን አንድ ሟች አስከፍቶ አይቷል። በሽታው በመንደሪቱም ከ50 በላይ ሰው ገድሎ ስለነበር፣ ካርቲዬ የአገሩ ሰዎች ወደ ምሽጉ እንዳይቀርቡ ከለከለ።

ከሁሉ በላይ የፈራው ድካሙ እንዳይታወቅበት ነው። መንደርተኞቹ ሲቀርቡ በመርከቡ ውስጥ ያሉት በሽተኞች በመዶሻና በእንጨት እየደበደቡ ሥራ የበዛባቸው እንዲመስሉ ያዝ ነበር። አንድ ቀን ዶማጋያን አየው። ዶማጋያ የአለቃው የዶናኮና ልጅ ነው፤ በ1534 ካርቲዬ ራሱ ወደ ፈረንሳይ ወስዶ የመለሰው ወጣት። ከ10 ወይም ከ12 ቀን በፊት ጉልበቱ አብጦ ታሞ ነበር፤ አሁን ቆሞ ይሄዳል። ካርቲዬ እንዴት እንደዳነ ጠየቀው፤ ግን የታመመው አንድ አገልጋዬ ብቻ ነው አለው። ዶማጋያም ሁለት ሴቶች ላከለት። ሴቶቹ 9 ወይም 10 ቅርንጫፍ አመጡና አሠራሩን አሳዩ፦ ቅርፊቱንና ቅጠሉን በውኃ መቀቀል፣ ውኃውን በየሁለት ቀኑ መጠጣት፣ አተላውን ባበጠው እግር ላይ መለጠፍ።

መጀመሪያ ማንም ሊቀምስ አልደፈረም። አንድ ሁለቱ ጠጥተው ሲሻላቸው ግን ሽሚያ ሆነ፤ ትልቅ የኦክ ዛፍ የሚያህል ሙሉ ዛፍ በ8 ቀን ውስጥ አለቀ። ዛፉ የትኛው ነበር? አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ነጭ ሴዳር ነው፤ ከአገራችን ጽድ ጋር በአንድ የዛፍ ቤተሰብ የሚመደብ ነው። ፈርን ወይም ስፕሩስን የሚመርጡም አሉ። ሁሉም ቫይታሚን ሲ አላቸው። (ይህን አንብቦ ያገኘውን ቀቅሎ የሚጠጣ እንዳይኖር፦ ሴዳር ሲበዛ የሚመርዝ ንጥረ ነገር አለው፤ ዩው የሚባለው ዛፍ ደግሞ ቅጠሉ ተመሳሳይ ይመስላል፣ ግን ገዳይ ነው።)

በግንቦት 1536 ካርቲዬ ለመመለስ ሲነሳ ዶናኮናን፣ ዶማጋያንና ሌሎችን፣ በድምሩ 10 ያህል ሰው አፍኖ ወደ ፈረንሳይ ወሰደ። አንዳቸውም አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም፤ ከአንዲት ትንሽ ልጅ በቀር ሁሉም እዚያው ሞቱ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር፣ እህል ላበደረ አፈር። ዛፉም ተወሰደ፤ እንደሚታመነው በፎንቴንብሎ በንጉሡ የአትክልት ስፍራ ተተክሎ «የሕይወት ዛፍ» ተባለ። በፈረንሳይ ዛፉ ቆሞ ሳለ በሳንት ክሯ ፈረንሳውያን እንደ ቅጠል ረገፉ።

የካርቲዬ ምድጃ

ወደ ሻምፕላን ልመለስ። ሐምሌ 3 ቀን 1608 ኬቤክ ደረሰና ከወንዙ ዳር፣ ከገደሉ ሥር ቤት ማሠራት ጀመረ። አሁን አዛዡ እሱ ነው፤ ከሳንት ክሯም ተምሯል። ዕቃ ቤቱ ቁመቱ 6 ጫማ የሆነ ምድር ቤት ተቆፈረለት፤ መጠጡ ዳግመኛ እንዳይረጋ ማለት ነው። ግቢውን 15 ጫማ ስፋትና 6 ጫማ ጥልቀት ያለው ቦይ ከበበው። ጥቅምት 1 ቀን ስንዴ አዘራ፣ በ15 ደግሞ አጃ፤ በ24 የአገሩን ወይን አስተከለ።

እኔን የሚይዘኝ ግን በዚያው ሰሞን ያደረገው ምርመራ ነው። ካርቲዬ የከረመበትን ቦታ «ሳንት ክሯ» ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ከደሴቷ ጋር ስሙ ብቻ ነው የሚገጥመው። በ70 ዓመት ውስጥ ይህ ስም ቦታውን ለቅቆ ከኬቤክ 15 ሊግ (ሊግ የጥንት የርቀት መለኪያ ነው) ሽቅብ ወዳለ ሌላ ስፍራ ተዛውሯል፤ መርከበኞች ሁሉ ካርቲዬ የከረመው እዚያ ነው ይላሉ። ሻምፕላን አላመነም። በኬቤክ አጠገብ ወደ ትልቁ ወንዝ በሚገባው ትንሽ ወንዝ ዳር ሄዶ መረመረ። የፈረሰ የምድጃ መሠረት አገኘ። የቦይ ምልክት አየ። የተጠረቡ፣ ነቀዝ የበላቸው ትልልቅ ግንዶች አገኘ። ከ3 እስከ 4 የሚሆኑ የመድፍ ጥይቶችም ወጡ። ከዚያ የካርቲዬን ጽሑፍ አስተያይቶ፣ የወንዙን ጥልቀትና የመንገዱን ርቀት አመዛዝኖ ፈረደ፦ ካርቲዬ የከረመው እዚህ ነው።

ትክክል ነበር። እዚህ ላይ ነው ለረጅም ጊዜ ያቆመኝ። ሻምፕላን ስም ከነገሩ ሊለይ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ነው፤ የተሳሳተውን ስም ትቶ ቦታውን በማስረጃ አገኘው። ታዲያ በቦታ ላይ የቻለውን በዛፍ ላይ ለምን አቃተው? ምድጃው ያለበት ሜዳ ያ ዛፍ የተቆረጠበት አካባቢ ነው። ዘሩ በዙሪያው ቆሟል።

መልሱ ያለው በማስረጃው ዓይነት ይመስለኛል። ምድጃና የመድፍ ጥይት ራሳቸው ይናገራሉ፤ ያየ ያውቃቸዋል። የተቆረጠ ዛፍ ግን ከ70 ዓመት በኋላ ምልክት የለውም። ካርቲዬ የጻፈው የዛፉን ስም፣ ትልቅነቱንና አቀቃቀሉን ነው። ቅጠሉ መርፌ ይሁን ቅርፊት መሰል፣ ፍሬው ምን እንደሚመስል፣ ሽታው፣ የሚበቅለው ረግረግ ላይ ይሁን ደረቅ መሬት ላይ አልጻፈም፣ አልሣለም። ለሱ አያስፈልገውም ነበር፤ ሴቶቹ ቅርንጫፉን ይዘው መጥተዋላ! ሻምፕላንማ ዛፍ መሆኑን እንኳ ስቶ «ቅጠላ ቅጠል» ብሎ ጽፎታል። ትልቅ ዛፍ በሰው አእምሮ ውስጥ ተለውጦ አረም ሆነ። እንዲህ ከሆነ ፈላጊው ዓይኑን መሬት መሬት ያደርጋል፤ ዛፉ ከራሱ በላይ ቆሞ ያልፈዋል።

ጽሑፉ የጎደለውን ሊሞሉ የሚችሉት የስታዳኮና ሰዎች ነበሩ፤ እነሱም የሉም። ሻምፕላን በ1603 ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ወንዝ ሲያልፍ መንደሪቱ ጠፍታለች። ተመራማሪዎች ጦርነትን፣ ከአውሮፓ የመጣ በሽታንና የከፋ ብርድን በምክንያትነት ያነሳሉ። ሻምፕላን በኬቤክ የሚያገኛቸው ኢኑዎች የሚባሉት ተወላጆች የሌላ ቋንቋ ሰዎች ናቸው፤ አኔዳ የኢሮኮዎች ቤተሰብ ከሆነ ቋንቋ የተወሰደ ስም ነው። አኔዳ የተባለው ያ ሰውም እንዲሁ ከሌላ ሕዝብ ነው፤ የስሙ መመሳሰል አጋጣሚ ነበር። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይላል ያገራችን ሰው። እዚህ ግን ሰርዶው አለ፣ በሬው የለም።

ምናልባት ሻምፕላን ጥያቄውን በስም ሳይሆን በበሽታው ቢጠይቅ፣ ጥርስ ሲረግፍና እግር ሲያብጥ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ ብሎ ደጋግሞ ቢያጣራ፣ ሌላ መልስ ያገኝ ነበር እላለሁ። ለእሱ ማዘኔ ግን አልቀረም። ሰዎቹ እያለቁበት ያለ ሰው ነው።

የ1608 የበረዶ ወራት እንዲህ አለፈ። ኢኑዎች ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ኢል የሚባለውን እባብ መሰል ዓሣ አጥምደው አደረቁ፤ ፈረንሳውያኑም ከዚያ በሉ። በኅዳር ተቅማጥ ገባ፤ ሻምፕላን በደንብ ያልበሰለውን ኢል ጠረጠረ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ስከርቪ መጣ። ቀዶ ሐኪሙ ቦነርም ራሱ ሞተ። በየካቲት ኢኑዎችም ተርበው ወደ ምሽጉ መጡ፤ ለቀበሮ ማጥመጃ የተጣለ የበከተ ሥጋ አንስተው እስከ መብላት ደርሰዋል። ሻምፕላን ዳቦና ባቄላ አካፈላቸው። ሰኔ 5 ቀን 1609 እርዳታ የሚያመጣ ጀልባ ሲታይ ከ28ቱ የቀሩት 8 ነበሩ፤ ከ8ቱም ግማሹ በሽተኛ ነው።

ትኩስ ሥጋ

አንድ ነገር በፍትሕ መነገር አለበት፤ ሻምፕላን መልሱን በሌላ በር ሊደርስበት ተቃርቦ ነበር። ከሳንት ክሯ በኋላ ቤቶቹን አፍርሰው እንጨቱን በጀልባ ፖር-ሮያል ወደተባለ ሌላ ሰፈር አሻገሩ። በ1606 መጨረሻ እዚያ «የደስታ ማኅበር» የተባለውን ሥርዓት አቋቋመ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ከማዕዱ ሰዎች አንዱ በተራው የቀኑ አሳላፊ ይሆናል፤ ተራው ከመድረሱ ቀድሞ አድኖ ወይም አጥምዶ ለማዕዱ ትኩስ ነገር ማቅረብ አለበት። የአገሩ ተወላጆች የሆኑት የሚክማቆቹ አለቃ ሜምበርቱ የማዕዱ እንግዳ ነበር። በዚያ ወራት ሻምፕላን የሚቆጥረው 7 ሟች ብቻ ነው። ብርዱም ቀለል ያለ ስለነበር ሁሉን ለምግቡ መስጠት አይቻልም። ግን ትኩስ ሥጋ፣ በተለይም ብዙ ያልበሰለና የሆድ ዕቃው ያልተጣለ፣ ጥቂት ቫይታሚን ሲ እንዳለው ይታወቃል። ለመከላከል የሚያስፈልገው ደግሞ ጥቂት ነው።

ሻምፕላን ራሱ በሽታው የሚመጣው ጨው የበዛበትን ምግብና ደረቅ ጥራጥሬ ከመብላት ነው፣ ጥሩ ዳቦና ትኩስ ሥጋ ያለው ሰው አይያዝም ብሎ ጽፏል። ስለ ዳቦው ተሳስቷል፤ ስለ ሥጋው ግን ልክ ነው። ኬቤክ ላይ ያ ሥርዓት ያልተደገመው አዳኝ ስላልነበረ ይመስለኛል። ከ28ቱ ብዙዎቹ አናጺ፣ መጋዝ ሳቢና የጉልበት ሠራተኛ ነበሩ። በዚያ ጥልቅ በረዶ ሚዳቋና ሙስ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ተከትሎ ለማደን የበረዶ ጫማና ልምድ ይጠይቃል። ያ ልምድ የኢኑዎች ነው፤ እነሱም በዚያ ዓመት ተርበዋል።

በ1610 ሻምፕላን ከፈረንሳይ ሲመለስ ኬቤክ የከረሙትን ሰዎች ደህና አገኛቸው፤ ጥቂቶች ብቻ ትንሽ ታመው ነበር። እሱ ምክንያቱን ሲያስቀምጥ የበረዶው ወራት አጭር መሆኑንና ትኩስ ሥጋ አለመቋረጡን ይጠቅሳል። ስለ አኔዳ በዚህ ቦታ አላነሳም።